የሲስተር ጣቢታ ሳርና በእኔ ደጅ የተተከለው ድንኳን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኔ ጉድ መስከረምን አልጠበቀም፤ በሐምሌ ጭቃ፣ በጠዋቱ፣ የሱቄን መስኮት ሳልከፍት መጣ። ከጓዳ ስወጣ የእድራችን ሰዎች የድንኳኑን ብረት እኔ ደጅ ላይ ያቆማሉ። የእድር ድንኳን ደግሞ ያለ ነገር ከመጋዘን አይወጣም፤ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። እኔ ቤት ሠርግ የለም። ባለቤቴ ግን ከትናንት በስቲያ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዷል፣ ያ መንገድ ደግሞ ሰው እንደሚበላ የማያውቅ የለም። ክው አልኩ። የበሩን መቃን ይዤ «ማነው የሞተብኝ» አልኩ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንዳፈረው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። እኚህን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ባርኔጣ አይቻቸው አላውቅም። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

«አስናቀች፣ እንዳትደነግጪ» አሉኝ። እንዲህ ብሎ ያላስደነገጠ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«ጋሼ፣ በአንድ ጊዜ ንገሩኝ።»

«ያንቺ ሰው ደህና ነው። መምህር ፋንታሁን ነው ያረፈው። ንጋት ላይ፣ ሆስፒታል።»

እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተነፈስኩት የእፎይታ ነው። ቀጥሎ እንባዬ መጣ፤ ያውም ደህና አድርጎ መጣ፣ ምክንያቱም መምህር ፋንታሁን ለእኔ ጎረቤት ብቻ አልነበሩም። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መምህር ፋንታሁን ቤት አላቸው። ቤታቸው ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ደጃቸውም የእኔን ደጅ አራት እጥፍ ይሆናል።

«ታዲያ ድንኳኑ እኔ ደጅ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ወንዳፈረው መንገዱን አሻግረው አዩ። «እዚያማ ሳሩ አለ» አሉ።

አሁን ስለዚህ ሳር ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም።

ሲስተር ጣቢታ የዳምቦያ ልጅ ናት፣ ከምባታ። የሀቢቾ ገጠር ተወላጁን ሀዲያ፣ መምህር ፋንታሁንን አግብታ ሆሳዕና ስትገባ እኔም ከባለቤቴ ጋር ይህን ሱቅ ገና መክፈቴ ነበር። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር የሚጀምርበት ጊዜ ነው። እሷ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ነርስ ሆነች፣ እሳቸው ያስተምራሉ። የዚህን ሰፈር ልጅ ግማሹን ያዋለደች፣ ግማሹን የከተበች እሷ ናት። እኔን ራሴን ሁለቴ አዋልዳኛለች። ምጥ ይዞኝ ስጮህ «ድምፅሽን ለዱቤ ደንበኛሽ ቆጥቢው» ብላ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሐል ያሳቀችኝ ሴት ናት።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መነኩሲት የሚንከባከቧት ሜዳ ነበረች፤ ችፍ ያለ፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሳር የበቀለባት። መነኩሲቷ አርጅተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለጣቢታ ግማሽ ጆንያ ዘር ትተውላት ሄዱ። «ይህ ሳር ብርድ ይወዳል። ቆላ ብትወስጂው ይሞታል፣ እዚህ ግን ይስማማዋል» አሏት። ለብርዱማ ሆሳዕናን ማን ይስተካከላታል፤ በሐምሌ ጋቢ ደርበን ነው ስኳር የምንመዝነው። ሰፈሩ የፈረንጅ ሳር ብሎ ስም አወጣለት።

ጣቢታ ደጇን ሙሉ ቆፈረች። መምህሩም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ያግዟታል። አፈሩን በእጃቸው እያሹ የሰርዶ ሥር ይለቅማሉ። ሰርዶ እንደምታውቁት ሳይዘሩት የሚበቅል፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚሄድ የአገራችን ሳር ነው፤ አንዲት አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረችለት ሜዳውን መልሶ ይወርሳል። ሳር ነቅለው ሳር ሊዘሩ ነው ተብሎ ጎረቤት ሁሉ ሳቀባቸው። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ዘር ርግብና ዶሮ በላው። ሁለተኛውን በሰኔ ዘራች። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅላ፣ ግማሹን ከላይ ወደ ታች፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰች በተነችው፤ ካልሆነ እዚህ ይከመራል፣ እዚያ ይራቆታል አለችኝ። በቅርንጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አፈር አለበሰችውና ላዩን ጭድ በስሱ ነሰነሰችበት። ዝናብ በጠፋበት ጠዋት ቂጡ በምስማር በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ታጠጣዋለች። ሳምንት አለፍ ሲል እንደ ሕፃን ልጅ ፀጉር ብቅ አለ። ያን ቀን ሱቄ ድረስ መጥታ፣ እጄን ጎትታ ወስዳ አሳየችኝ። አፌን ይዤ ቀረሁ፤ እንዲህ ያለ ልምላሜ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ሳቄም እዚያው ቀረ።

ሳሩ እያደገ ሲሄድ ሕጉም አብሮ አደገ። ከሦስት ጣት በታች አይታጨድም፤ ካጠረ ፀሐይ ሥሩን ያገኘዋል። በየቀኑ ጠብ ጠብ ተደርጎ ውሃ አይሰጠውም፤ እንዲያ ከለመደ ሥሩ ይሰንፋል፣ አልፎ አልፎ ጠግቦ ይጠጣ እንጂ። በክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ይነሰነስለታል። ጥርና የካቲት ላይ ፀሐይ ሲበረታ ቢጫ ይሆናል፣ ያኔ ጣቢታም አብራው ትጠወልጋለች። አንድ ጊዜ ፍልፈል ገብቶ መሐሉ ላይ አፈር ቢከምር እህል መቅመስ አቃታት። ባለቤቴ ከመርካቶ በእጅ የሚገፋ የሳር ማጨጃ አመጣላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማዋን አውልቃ እሷ ትገፋለች፣ መምህሩ ዳር ቆመው የታጨደውን በማዳበሪያ ከረጢት ይቀበላሉ።

ዋናው ሕግ ግን አይረገጥም ነው። ከውጭ በር እስከ ቤቱ፣ አጥሩን ታክኮ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጠፈች። ሰው ሁሉ በዚያ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል። ቄሱም ጸበል ሊረጩ ሲመጡ በድንጋዩ ነው። የልጆች ኳስ ከገባ በረጅም እንጨት ተስቦ ይወጣል። የአንድ ሰውዬ ላም አጥር ጥሳ ብትገባ ባለቤቷ ሰው የወጋች ያህል ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ቀበሌው ሞዴል ግቢ ብሎ ምስክር ወረቀት የሰጣት ጊዜ ከዞን የመጡት እንግዶች ድንጋዩ ላይ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ነው ፎቶ የተነሱት።

ክፉ ሆና እንዳይመስላችሁ። ጣቢታ ማንንም ተቆጥታ አታውቅም። እግርሽ ሳት ብሎ ሳሩ ላይ ካረፈ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ትላለች። ከዚያ ግን ጎንበስ ብላ የተጋደመውን ሳር አንድ በአንድ በጣቷ ታነሳዋለች። ብትሰድብሽ ይሻላል። እንዲያ ስታደርግ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ እግሩን አያሳስትም። «ቀኑን ሙሉ ቁስል ሳይ ነው የምውለው አስናቀች፣ ማታ ዓይኔን የማሳርፍበት ይኑረኝ እንጂ» ያለችኝ ቀን ደግሞ ምን ብዬ እመልስላታለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬያለሁ። እኛ ጉራጌዎች በየመንደሩ መሐል ጀፎረ የምንለው ሰፊ የሳር ሜዳ አለን። እሱን ማረስ ነውር ነው፣ አጥር ገፍቶ ማጥበብም ነውር ነው። መርገጥ ግን ማን ከልክሎ፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የፈረስ ጉግሱም እዚያው ነው። ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀች። «የእናንተማ ሰርዶ ነው። ቢረገጥም ተመልሶ ይሳባል። የእኔ አይሳብም፣ በበቀለበት ቆሞ ነው የሚኖረው። ከሞተ ባዶ መሬት ነው የሚተወው» አለችኝ። ስለ ሳር ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ የለምና ተውኩት።

ሰው እነሱ ቤት መግባቱን ጨርሶ አልተወም፤ ግን እየቀነሰ ሄደ። ማን በሠልፍ ገብቶ በሠልፍ ይወጣል። መምህር ፋንታሁን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሎአቸው እኔ ሱቅ በር ላይ ሆነ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፣ ወዳጆቻቸው እዚያ ይመጡላቸዋል፣ የተጣላውን እዚያ ያስታርቃሉ። «መምህር፣ ቤት የለዎትም እንዴ? ኪራይ ላስከፍልዎ ነው» እላቸዋለሁ። «ቤቴማ ውብ ነው። ከዚህ ሆኜ ሳየው ደግሞ ይበልጥብኛል» ይሉኛል። ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። ልባቸው መድከም ከጀመረ በኋላም ያችን ሳጥን አልተዉም።

እንግዲህ ያን ቀን እድርተኛው ድንኳኑን እኔ ደጅ ተክሎ፣ አግዳሚውን ደርድሮ፣ ሴቶቹም ንፍሮ ጥደው ሲያበቁ አስከሬኑን የያዘው መኪና መጣ። ሾፌሩ ድንኳኑን አይቶ እኔ ደጅ ሊያቆም ሲል ጣቢታ ከጋቢናው እጇን አውጥታ ወደ ቤቷ ጠቆመችው። ሳጥኑን አወረዱ። የሬሳ ሳጥን በአራት ሰው ትከሻ፣ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። የድንጋዩ መንገድ ግን አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። ሸካሚዎቹ ተያዩ። አንዳቸውም እግሩን ወደ ሳሩ አላነሳም። ሳጥኑን ወደ ጎን አጋድለው፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ሆነው፣ አጥሩን እየታከኩ፣ እየተንገዳገዱ መምህር ፋንታሁንን ይዘው ገቡ። ያ ሁሉ ሰፊ ለምለም ሜዳ አጠገባቸው ተዘርግቶ ሰውየውን እንደ ቁም ሣጥን በጎኑ ሲያስገቡት ማየት አልቻልኩም፣ ፊቴን አዞርኩ።

ትንሽ ቆይታ ጣቢታ ወጣች። የውጭ በሯ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ግቢዋ ባዶ ነው፣ ዝናብ የጠገበው ሳር ብቻ። ከፊቷ መንገዱን ተሻግሮ ድንኳን፣ ሕዝብ፣ ለቅሶ። ዓይኗ ከዚህ ወደዚያ ተመላለሰ። እንደዚያ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ የባሏን ሞት የሰማች ሳይሆን ሁለተኛ ሞት እዚያው የነገሯት ነው የምትመስለው።

«እኔ ቤት ሰው አልሞተም እንዴ?» አለች።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ይህን ያህል ነው የጠላችሁኝ?»

ሮጬ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። «ማን ይጠላሻል ሲስተር፣ ሳርሽ እንዳይበላሽ ብለው ነው» አልኳት። ነገሩን አባባስኩት። እጄን ከክንዷ ላይ አነሳችው።

በዚህ መሐል ነው የሀቢቾ ዘመዶች በአይሱዙ ተጭነው የደረሱት። ከመኪናው እየዘለሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ወደ ወንድማቸው ቤት ሮጡና በሩ ላይ ቆሙ። ግቢው ጭር ብሏል። የመምህሩ ታላቅ ወንድም አቶ ጠና፣ በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ሳሩን አዩ፣ ጣቢታን አዩ። በሀዲይኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁላችንም እንድንሰማ ደግሞ በአማርኛ ደገሙት።

«ወንድሜ ደጅ አልነበረውም። ይህን አላወቅሁም። ሀቢቾ የአባቱ ደጅ ሰፊ ነው፣ ሰው ያቆማል። አስከሬኑን ስጡን፣ ወስደን እዚያ እናልቅሰው።»

ማንም ሊሟገታቸው አልቻለም፣ ምክንያቱም እውነት አላቸው። ሰው በጎረቤት ደጅ ተለቀሰ ከተባለ ያ ስም ከቤቱ አይለቅም። ከዚህ ከወሰዷቸው ደግሞ ጣቢታ ባሏን ያልቀበረች፣ ያላስለቀሰች ሴት ሆና ነው የምትቀረው። ወጣቶቹ ሳጥኑን ሊያመጡ ወደ ድንጋዩ መራመድ ጀመሩ።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ ድንኳኑን ንቀሉና እዚህ ትከሉት» አለች ጣቢታ።

ጋሽ ወንዳፈረው አልተንቀሳቀሱም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዟዙራሉ። «አልችልም ሲስተር» አሉ። «የሟች ቃል ነው።»

«የምን ቃል?»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እኛ ሁላችን እድሩ ሳሩን ፈርቶ ነው ያልነው።

«በሚያዝያ ቤቴ መጣ። እንደማይቆይ አውቆታል። ስሞት ድንኳኔን አስናቀች ደጅ ትከሉልኝ አለኝ። ለምን ብለው፣ ጣቢታ እኔንም ሳሯንም በአንድ ቀን አትጣ አለ። አስምሎኛል።»

ጣቢታ አላለቀሰችም። መምህር በየቀኑ በሬ ላይ ተቀምጠው እየቀለዱ፣ የገዛ ለቅሶአቸውን ደጄ ላይ ማዘጋጀታቸውን ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። እዚያው ላይ ሰደብኳቸው፣ በሆዴ። ሙት ይሰደባል እንዴ ብትሉኝ፣ አዎ፣ እንዲህ ያለውን ይሰደባል።

«የሟች ቃል አይታጠፍም» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው። እድርተኛውም አንገቱን ደፋ። አቶ ጠና እንኳ ሳጥኑን ሊያመጡ የሄዱትን ወጣቶች በዱላቸው ምልክት መለሱ። በእኛ አገር ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም።

ጣቢታ ዞረችና በድንጋዩ ላይ ወደ ጓሮ ሄደች። ዶማ ይዛ ተመለሰች። ከድንጋዩ ወረደች፣ ከነጫማዋ። ወደ ሜዳው መሐል ሄዳ ዶማውን አነሳችና ሳሩ ላይ አሳረፈችው። ውሃ የጠገበ አፈር ስለሆነ አንዴ ሲመታ ሳሩ ከነሥሩ እንደ ቆዳ ተገፎ ተነሳ። ደግማ መታች። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት «ኧረ ያዟት» አለች፣ ግን የሚይዛት የለም፤ ለመያዝ ሳሩን መርገጥ ያስፈልጋል። እዚያ ድረስ ነው የደነዘዝነው።

«ቃሉ ሳሬ እንዳይጠፋብኝ አይደል?» አለች፣ እየቆፈረች። «ይኸው አጠፋሁት። ሳር ከሌለ ምን ቃል አለ? ድንኳኑን አምጡ።»

ነጠላዋ ወደቀ። ያንን ዘር ከአሸዋ ቀላቅላ የበተነች እጅ፣ የተጋደመ ቅጠል በጣቷ የምታነሳ ሴት፣ አፈር እስከ ጉልበቷ ተረጭቶባት የገዛ ሜዳዋን ትገሽልጣለች። ብዙ ሞት አይቻለሁ። እንደዚያ የከበደኝ የለም።

ጋሽ ወንዳፈረው ባርኔጣቸውን አጥር ላይ ሰቀሉ። ከድንጋዩ ወርደው፣ በጭቃ ጫማቸው፣ ሳሩን አቋርጠው ሄዱና ዶማውን ከእጇ ያዙ። «በቃ፣ ልጄ፣ ይበቃል። ቃሉን የሰጠው ለአንቺ ብሎ ነበር፤ አንቺ መለስሽለት። ከእንግዲህ እኛ አንጠየቅበትም» አሉ። ዞረው ወደ እኛ ጮኹ፤ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ንቀሉ እንጂ።»

ድንኳኑ ሳይፈታ፣ ብረቱን በየማዕዘኑ ተሸክመው እንደቆመ መንገዱን አሻገሩት። መጀመሪያ የገቡት የሀቢቾዎቹ ናቸው። እየዘለሉ፣ መሬቱን በእግራቸው እየደለቁ፣ አቶ ጠና ከፊት ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ። ከዚያ እኛ። ሳጥኑም ወጣ፣ በአራት ሰው ትከሻ፣ ጎን ለጎን፣ ቀጥ ብሎ። ጣቢታ ያን ጊዜ ነው ሳሩ ላይ ዘፍ ብላ የተቀመጠችውና ያለቀሰችው።

ሰው ዝናብ ሳይል መጣ። ድንኳኑ ሲነሳ መሐሉ ጭቃ ብቻ ነበር። ሳሩም እንዳለችው አልተሳበም፤ በየዳሩ የተረፈው ባለበት ቆሞ ቀረ፣ መሐሉ ባዶ መሬት ሆነ። ከመነኩሲቷ ዘር ጥቂት በቆርቆሮ እንደተረፋት አውቃለሁና መስከረም ላይ «በይ እንጂ ዝሪው፣ ዶሮዎቼን አስራለሁ» አልኳት። ሰርዶው ከአጥሩ ሥር ተነስቶ ሁለት ክንድ ያህል ወደ መሐል ገብቶ ነበር። አየችው፣ አልነቀለችውም። ይልቅ የመምህርን የለስላሳ ሳጥን ስጪኝ አለችኝ። ወስዳ ባዶው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ትናንት ቂጣ ይዤላት ስገባ እግሬ ራሱ በድንጋዩ ወሰደኝ። አጥሩን ታክኬ ስሄድ ከበረንዳዋ አየችኝ።

«አስናቀች» አለችኝ። «እሱም ልክ እንደዚያ ነበር የሚገባው። በገዛ ቤቱ።»

ከድንጋዩ ወረድኩ።